ሶኬት የሌለው በረዶ

ዳኛቸው አየር ጤና ታክሲ ተራው ጀርባ ባለችው ጠባብ ሱቁ ፍሪጅ ሲጠግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው። ከሥራው የሚያበሽቀው አንድ ነገር ነው፤ ሰው ትዕግሥት አጥቶ ፍሪዘር ውስጥ የተጋገረውን በረዶ በቢላ ሲፈነቅል ቱቦውን ይበሳና ጋዙ ያመልጣል። «ንቀሉትና ተዉት፣ በራሱ ጊዜ ይቀልጣል» እያለ ሰፈሩን ሁሉ ሲመክር ኖረ፤ የሰማው የለም። ባይሰሙትም ደግ አደረጉ፤ አንድ ልጁን ሳያትን ያስተማራት ያ ቢላ በሚያመጣለት ሥራ ነው።

ሌላው የሚታወቅበት ነገር እምቢታው ነው። ሰው ቤት ሄዶ ፍሪጅ ጠግኖ ሲጨርስ ምሳ ይቅመሱ ይሉታል። አንጀቱ ከጀርባው ተጣብቆ «በልቻለሁ» ይላል። ትንሽ እንኳ ሲሉት «እውነቴን ነው» ይላል። ሦስተኛው «በሞቴ» ሲመጣ ተነስቶ እጁን ይታጠባል። ከቤቴል እስከ ሳንሱሲ በሁለተኛው እምቢታ ያሰናበተው ቤት የለም። ይሄ ደግሞ ውሸት አይባልም፤ ጋባዡም ተጋባዡም ተግባብተው የሚጨርሱት ነገር ነው።

ሳያት አሜሪካ፣ አላስካ ነርስ ከሆነች ስድስት ዓመቷ ነው። ዘንድሮ ለሐምሌ አባትና እናቷን አስጠራች፤ ቪዛውም ወጣ። በግንቦት መጨረሻ ለአባቷ በቴሌግራም ጻፈችለት፦ በመርከብ ላዝናናችሁ ነውና ምረጡ። አጭሩ ጉዞ አራት ሰዓት ነው፤ በጀርባቸው የሚንሳፈፉ ጸጉራም የባሕር እንስሳትና ወፎች ይታያሉ፤ ዕድል ከቀና ዓሣ ነባሪም አይጠፋም። ረጅሙ ስምንት ሰዓት ነው፤ እንስሳቱንም አሳይቶ የበረዶው ግግር ድረስ ይዘልቃል። እዚያ ሲደርሱ ሞተሩ ይጠፋል፤ ሰዉ ዝም ብሎ በረዶው ሲሰነጠቅና ባሕር ላይ ሲወድቅ ያዳምጣል። የረጅሙ ቦታ ቶሎ ይሞላል ብላለች።

ዳኛቸው ፎቶውን አየው። እንደ ፎቅ የቆመ ሰማያዊ በረዶ ነው። ዕድሜውን ሁሉ ብርድ ሲሠራ የኖረ ሰው፣ ማንም ያልሰካው፣ መብራት ቢሄድም የማይቀልጥ በረዶ አይቶ አያውቅም። መልእክቱን አራት ጊዜ አነበበው። ልቡ ሄደ። ከዚያ መነጽሩን አስተካክሎ፣ ምን አስለፋሽ ልጄ፣ ለእኛ አጭሩም ይበቃናል ብሎ ጻፈ። እርግጠኛ ነህ ወይ አለችው። አዎ፣ ስምንት ሰዓት ለእናትሽ ይከብዳታል አለ። ስልኩን ኮምፕረሰር ላይ አስቀምጦ ሦስተኛውን መጠበቅ ጀመረ።

ሦስተኛው መጣ፤ እሺ አባዬ፣ አጭሩን ቆረጥኩ፣ ይላል።

ሁለት ቀን አኮረፈ። እንዳኮረፈ ለማንም አልተናገረም፤ ግን የፈትያ ጁስ ቤት ፍሪዘር ላይ ጋዝ ሞልቶ ቫልቩን ሳይዘጋ ሄደ። በሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ሚስቱ ዘመነች ይህን ስትሰማ ምንም ሳትጠይቀው ስልኩን አንስታ ከላይ እስከ ታች አነበበች።

«እኔን ነው ምክንያት ያደረግኸኝ?» አለችው። በርበሬ ልትገዛ ጅማ ድረስ በአይሱዙ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ስትመላለስ የኖረች ሴት ናት፤ ስምንት ሰዓት መርከብ ላይ መቀመጥ ይከብዳታል መባሉ ከልቧ አናዷታል።

«ሳያት ተለውጣለች» አለ ዳኛቸው በመጨረሻ። «ሁለቴ ብቻ ጠይቃ ተወችኝ።»

ያን ጊዜ ዘመነች ገባት። በረዶው ብቻ አይደለም ያመመው፤ ልጄ ባዳ ሆነችብኝ ብሎ ነው። ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ እዚያ አገር እምቢ ማለት እምቢ ማለት እንደሆነ አስረዳችው፤ ቦታው ሳያልቅ ደውሎ እፈልጋለሁ እንዲላትም ነገረችው። ለመናገር ቀላል ነው። ዳኛቸው ግን በስልሳ ሁለት ዓመቱ ስለ ራሱ ይህን ቃል ተናግሮ አያውቅም፤ ዘመነችን እንኳ የጠየቁለት ሽማግሌዎች ናቸው።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ እዚያ ሲመሽ፣ ደወለ። ስለ ጤና ጠየቀ፣ ስለ አየሩ ጠየቀ፣ ስለ ሥራዋ ጠየቀ። ዘመነች ከፊቱ ቆማ በዓይኗ ገፋችው።

«ልጄ» አለ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ። «እኔ ረጅሙን ነው የምፈልገው። በረዶውን ማየት እፈልጋለሁ።»

«ታዲያ ለምን መጀመሪያ አልነገርከኝም?»

«ሦስተኛ አልጠየቅሽኝማ።»

 

«ረስቼው ነው አባዬ» አለች ቀስ ብላ። «እዚህ ሁለቴ እምቢ ካልክ ይተዉሃል። እኔም የመጣሁ ሰሞን፣ በልቻለሁ እያልኩ፣ ስንት ቀን ሥራ ቦታ ጦሜን ዋልኩ መሰለህ።»

 ልጁ ባዕድ አገር ምግብ ፊት ተቀምጣ ሦስተኛውን ስትጠብቅ ለዳኛቸው ታየችው። ኩርፊያው ሁሉ ወጥቶለት ዓይኑ እንባ አቀረረ።

የኮምፒውተር ቁልፍ ስትነካካ ተሰማው። ሦስት ቦታ ተገኝቷል፤ አጭሩን ሰርዛ ያዘችው። ነገሩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር፤ እሷ ግን ስልኩን አልዘጋችም።

«በሞቴ፣ አባዬ» አለች፣ ሳቅና ለቅሶ በተቀላቀለበት ድምፅ። «ረጅሙን አብረን እንሂድ።»

«እሺ» አላት፣ ሁለተኛ ሳያስለምናት።