ከዋንዛው ሥር የተነጠፈ አቡጀዲ

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቶ ይዤ ተቀምጬ ሳለ፣ ከበላዬ ካለው ዛፍ ላይ አንድ አባጨጓሬ ሲኒዬ አጠገብ ወደቀ። አስተናጋጁ ሊጨፈልቀው ሲል "ተወው" አልኩት። ለትሉ አዝኜ አይደለም፤ ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ የሠራሁት ነገር ትዝ ብሎኝ ነው።

ሰፈራችን ከአምስት ኪሎ ወረድ ብሎ ወንዝ ዳር ነበር። ዳገቱን ዋንዛና ወይራ ያለበሰው እድራችን ነው፤ የሚጠብቀውም እሱው። ለለቅሶ ቤት ማገዶ ካልሆነ ማንም ቅርንጫፍ አይቆርጥም። ከዋንዛዎቹ መሃል ልብስ ሰፊው ጋሽ ይማም፣ የወሎ ሰው፣ አራት ቀፎ ነበራቸው። መስከረም ላይ ዋንዛው ነጭ አበባ ሲያወጣ ስፌታቸውን ትተው ንቦቻቸውን ለማየት ይወርዳሉ። ማሩን አይሸጡም፤ ለአራስና ለታመመ ጎረቤት ይልካሉ። እኔም ጉንፋን በያዘኝ ቁጥር ቀምሻለሁ።

አንድ ዓመት ዛፉን አባጨጓሬ ወረረው። ፀጉሩ የነካው የልጆች ገላ ማበጥ ሲጀምር ግማሹ እድርተኛ "መርዝ ይረጭ" አለ።

"ንቦቼስ?" አሉ ጋሽ ይማም።

የሳይንስ ተማሪ ነበርኩና እጄን አወጣሁ። አስተማሪያችን ያሳየን ዱቄት አለ፤ በውስጡ ያለው ባክቴሪያ አባጨጓሬውን እንጂ ንብን አይጎዳም፣ በውሃ በጥብጦ ቅጠሉ ላይ መርጨት ነው አልኩ። ጋሽ ይማም ትኩር ብለው አዩኝና "አንተ ካልክ ይሁን" አሉ። እድሩ አንድ ሳምንት ሰጠኝ።

እሑድ ረጨሁ። አፌ አላርፍ ብሎ "ነገ ረግፎ ታገኙታላችሁ" አልኩ። ዱቄቱ ግን እንዲያ አይደለም፤ ትሉ ከቅጠሉ ጋር ይበላዋል፣ ሆዱን ይታመማል፣ ምግብ ይተዋል፣ የሚሞተው ከቀናት በኋላ ነው። ይህን አውቅ ነበር፤ "ታገሡ" ማለት አሳፍሮኝ ነው። ሰኞም ማክሰኞም ትሉ ከነነፍሱ ቅጠሉ ላይ አለ።

"ዶክተርዬ፣ ቫይታሚን ነው እንዴ የሰጠሃቸው?" ይሉኛል የሰፈሩ ልጆች።

ረቡዕ አላስቻለኝም። አትክልት ተራ ወርጄ መርዝ ገዛሁና ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ለማንም ሳልናገር ረጨሁት።

ዓርብ ትሉ ረገፈ። ሰው ሁሉ አመሰገነኝ። ጋሽ ይማም ግን አልታዩም። ወርጄ ሳይ ከቀፎዎቹ ፊት ቁጢጥ ብለዋል፤ መሬቱ በሞቱ ንቦች ጠቁሯል።

"ያንተ መድኃኒት አይደለም፤ በከንቱ አትዘን" አሉኝ ቀና ብለው። ከዋንዛው ሥር ያነጠፉትን አቡጀዲ አሳዩኝ። "እሑድ ነው ያነጠፍኩት። ትል ከበላ ኩስ ይጥላል። ሰኞ ጨርቁ በኩሳቸው ጠቁሮ ነበር፣ አራገፍኩት። ማክሰኞ ጥቂት ወደቀ። ረቡዕ ግን አንዲት ፍሬ ኩስ የለም። መብላት ካቆሙ አልቆላቸዋል ብዬ ለእድሩ ልነግርልህ ነበር። ንቦቼን የፈጃቸው ሌላ ሰው ነው። ማን ይሆን?"

"እንጃ" አልኩ።

በዓመቱ አዲስ መንጋ አስገቡ። "ያ ሰውዬ እንዳይመለስ ጠዋት ጠዋት አንተ ጠብቅልኝ" አሉኝ። ሁለት መስከረም ከቀፎዎቹ አጠገብ ቆምኩ።

ጋሽ ይማም ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗል። ሳልነግራቸው መቅረቴ ያሳፍረኛል፤ ግን ኀፍረት ከዕድሜ ጋር ይለመዳል። ያልለመድኩት ምስጋናቸውን ነው። አበባው በረገፈ ቁጥር ትከሻዬን መታ አድርገው፣ "አየህ፣ አንተ ስለቆምክ ማንም አልመጣም" ይሉኝ ነበር።