አባቴ ለአህያ የተነሡ ዕለት

ይህን ነገር ለልጆቼ እንኳ አውርቼላቸው አላውቅም። በልጅነቴ ፊልም እሠራ ነበር እላቸዋለሁ፤ ምን ዓይነት ፊልም ሲሉኝ ወሬ እቀይራለሁ።

ቅድስት አገር፣ ሐደራ ከተማ ከገባን አራት ዓመት ሆኖን ነበር፤ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ናሕሊኤል በሚባለው ሰፈራችን፣ የወጣቶች ማዕከሉ ውስጥ፣ ከሩሲያ የመጣ አንድ መምህር ማታ ማታ ፊልም ያስተምረን ጀመር። ዘዴው ቀላል ነው። ሰው በቪዲዮ እንቀርጻለን፤ ምስሉን ቴሌቪዥን ላይ አቁመን መስተዋቱ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ እንለጥፍና እንሥልበታለን፤ ያንን ደግሞ በሌላ ካሜራ እናነሣዋለን። ከዚያ ምስሉን ቅንጣት ታህል እናሳልፋለን፤ ሌላ ፕላስቲክ፣ ሌላ ሥዕል። እንዲህ ሲደጋገም ሥዕሉ ከሰውየው ጎን ይራመዳል። ለአንዲት ደቂቃ ፊልም ወገቤ እስኪቆረጥ ሳምንታት ሠርቻለሁ።

ከባዱ ግን ሥዕሉ አልነበረም። የሚቀረጸው ሰው ባዶ ቦታ እያየ ሰው ያየ መምሰል አለበት፤ የክፍሌ ልጆች ሲሞክሩት ዓይናቸው ይቅበዘበዛል። እኔ አባቴን አመጣሁ። ገበያ የአትክልት ሣጥን ሲያወርዱ የሚውሉ ሰው ነበሩ። ያን ቀን ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ናሓል ሐደራ በሚባለው መናፈሻ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«አባባ፣ እንግዳ እንደመጣ አድርገው ይነሡ። እንግዳውን በኋላ እኔ እሥለዋለሁ።»

«ማነው የሚመጣው?»

«የፈለጉት ሰው።»

ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ታላቅ ወንድሜ ይምጣ» አሉ።

አጎቴ አዲስ አበባ አውሮፕላን ስንጠብቅ ነበር የሞቱት። አባቴ ብድግ አሉ፤ እጅ ነሡ፤ አጎቴ ረጅም ስለነበሩ አንጋጠው አየሩን ጉንጭና ጉንጩን ሳሙት። «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ልጆቹ ደኅና? ከብቱስ ደኅና?» አንዱን ጠይቀው መልስ እስኪያገኙ ዝም ይላሉ፤ ከዚያ ሌላውን ይጠይቃሉ። ዓይናቸው አንዴም ከቦታው አልተነቃነቀም። መምህሩ ካሜራውን ማጥፋት ረሳ።

አጎቴን መሣል ጀምሬ ነበር። የክፍሌ ልጆች አዩትና ሳቁብኝ። «ማ ዜ? ምንድነው ይሄ? ሁለት ሽማግሌ ሲሳሳም ማን ያያል?» አለች አንዷ። «አህያ አድርጊው፣ ሰው በሳቅ ይሙት!»

እንዲወዱኝ በጣም እፈልግ ነበር። የአጎቴን ሥዕል ጠቅልዬ ጣልኩት። አፉ አባቴ የሳሙበት ቦታ እንዲደርስ አህያውን በሁለት እግሩ አቆምኩት። አባቴ መልስ ለመስማት ዝም ባሉበት ቦታ ሁሉ አናፋሁበት፤ በገዛ ድምፄ።

ፊልሙ የታየ ዕለት አባቴ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጋብዘው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ሥዕሉ ይንቀጠቀጣል፤ ግን አህያው እውነት የቆመ ይመስላል፤ የአባቴ ዓይን ልክ ዓይኑ ላይ ነው። አህያው አንቱ ሲባል አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። አባቴ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ መብራቱ ሲበራም ከሰው ጋር አጨበጨቡልኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

ወደ ቤት ስንሄድ «ወንድሜን መሣሉ ቀረ እንዴ?» አሉኝ።

«መልካቸውን አላስታውሰውም፣ አባባ።»

ዋሸሁ። ከመንደራችን ወደ አዲስ አበባ ስንመጣ፣ ሲደክመኝ በትከሻቸው የተሸከሙኝ አጎቴ ናቸው። የግራ ጆሯቸው ላይ ያለችውን ጠባሳ ዛሬም መሣል እችላለሁ።

«እውነት ነው፤ ልጅ ነበርሽ» አሉና አመኑኝ።

ከዚያ ወዲህ ግን ቤታችን እንግዳ ሲመጣ አባቴ ወዲያው አይነሡም። መጀመሪያ ወደ እኔ ያያሉ። እንደማልስቅ ሲያረጋግጡ ነው ከመቀመጫቸው ብድግ የሚሉት።