በክርስትናው ካሴት ላይ የተቀረጹት እማማ አስካለ

ልጅ ሳለሁ፣ ከአገር ውጭ፣ ፈረንሳይኛ በሚነገርበት የወደብ ከተማ፣ ቡላኦስ በሚባል ሰፈር በነበረው ቤታችን፣ መብራት ሲጠፋ የምደሰተው እኔ ብቻ ነበርኩ። ያኔ ቤታችን እያደሩ የሚሠሩት አሮጊት፣ እማማ አስካለ፣ ፋኖሱን በረንዳው ላይ ሰቅለው፣ የከሰል ካውያውን ፍም ሞልተው፣ የአባቴን ሸሚዞች እየተኮሱ ተረት ያወሩልኝ ነበር። ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለው፣ የሞቀ ጨርቅ ሽታ ከባሕሩ ወበቅ ጋር እየተቀላቀለ፣ ዕድሜዋን ሁሉ ጨው ተሸክማ ጨው ምን ምን እንደሚል ስለማታውቅ አህያ እሰማ ነበር።

አባቴ የቪዲዮ ካሜራ ነበረው። ትዝታ እናስቀር እያለ ያልቀረጸው የለም፤ የሶፋውን ዳንቴል፣ ማንም የማይጠጣባቸውን ብርጭቆዎች፣ አዲሱን ማቀዝቀዣ በሩን ከፍቶ እስከነሽንኩርቱ። እማማ አስካለ በፊቱ ሲያልፉ ግን «አንቺ፣ ዞር በይ፣ ምስሉን አበላሸሽው» ይላቸዋል። ለማቀዝቀዣ የሰጠውን ክብር ለሰው ሲነፍግ የሚያፍር አልነበረም።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አንድ ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ አባቴ በሌለበት፣ ካሜራውን ከቁም ሣጥን አወጣሁና ደረጃው ላይ አስደግፌ፣ እማማ አስካለ በረንዳው ላይ እየተኮሱ የሚያወሩትን ተረት ቀረጽሁ። ቀዩን ቁልፍ መጫን አውቅ ነበር፤ ውስጡ ያለው ካሴት የሕፃኑ ወንድሜ የናሆም ክርስትና መሆኑን ግን አላወቅሁም። እማማ አስካለ አይተውኝ ፈገግ አሉና ተረታቸውን ቀጠሉ።

እሑድ አባቴ እንግዶች ጠርቶ ካሴቱን ከፈተ። ቄሱ ናሆምን ሊያጠምቁት ሲያነሱት እማማ አስካለ ካውያ ይዘው ብቅ አሉ። እንግዶቹ ሳቁ። አባቴ ቴሌቪዥኑን አጠፋና ካሜራዬን ነካክተሻል ብሎ በማግስቱ አሰናበታቸው። እሳቸው ወደ እኔ አዩ፤ ምንም አልተናገሩም። እኔም «እኔ ነኝ» አላልኩም። ትንሽ ጓዛቸውን ይዘው ወጡ።

ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ናሆም የድሮ ካሴቶቻችንን ኮምፒውተር ላይ ገልብጦ ለእናታችን ልደት ፊልም ሠራ። የክርስትናው ተራ ሲደርስ እማማ አስካለ መጡ፤ እጃቸው በዝግታ ይሄዳል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ የሚሰማው ግን ፒያኖ ነው። አክስቶቼ፣ እሳቸው ሲባረሩ ቆመው ያዩት፣ «አቤት ደግ ዘመን» እያሉ በነጠላ ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። በእኛ ቤት ሰው የሚወደደው ድምፁ ከጠፋ በኋላ ነው።

ናሆምን ድምፁ የት አለ አልኩት። ነፋስ ብቻ ስለነበረ አጠፋሁት አለ። ካሴቱስ ስለው፣ ሻግቶ ነበር፣ ገልብጬ ጣልኩት አለኝ።

ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ያን ቀን ግን የቀረጽሁት እኔ ነበርኩ አልኩ።

አባቴ የጫቱን ቅጠል መምረጡን አልተወም።

«ያኔም አውቅ ነበር» አለ። «ፈረንሳይኛ እንድትማሪ ብዬ የማስተምርሽ ልጅ እንደ ገረድ ማውራት ጀመርሽ። ሰበብ ነበር የፈለግሁት፤ አገኘሁ።»

ናሆም ፊልሙን ካቆመበት ቀጠለው። ኬክ ተቆረሰ፤ እኔም በላሁ።

አባቴን ናቅሁት፤ ዛሬም እንቀዋለሁ። ግን ንቀቴ እሱ ላይ ሲደርስ አይቆምም። አባቴ ያውቅ ነበር፤ እማማ አስካለም ያውቁ ነበር። ምስጢር ብዬ የኖርኩት ነገር ከማንም የተሰወረ አልነበረም፤ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፣ እሱንም እኔ ብቻ ነበርኩ ልለው የምችለው።