እጁ የጸናበት ጠዋት

መርሳ ላይ ሠርግ የሚደግስ ሰው ቪዲዮ የሚቀርጽለት ሲፈልግ አበባውን ይጠራል። አበባው ከዋናው መንገድ ወደ ገበያው መታጠፊያ ላይ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት አለችው። ድሮ ጥሩ ካሜራና ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ነበረው። በጦርነቱ ጊዜ ቤተሰቡን ይዞ ሸሽቶ ሲመለስ፣ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ከግድግዳው መስታወት በቀር የተረፈ ነገር አላገኘም። ከዚያ ወዲህ የሚሠራው በስልኩ ነው።

መጀመሪያ ላይ ምስሉ እየዘለለ አስቸገረው። ውርጌሳ ላይ ሠርግ ያስቀረጹት ሰዎች ቪዲዮውን አይተው «ሙሽራዋ እኮ ባጃጅ ላይ ሆና የምትጨፍር ነው የምትመስለው» ብለው ሳቁበት። አበባው ከነሱ ጋር ሳቀ፤ ቤቱ ገብቶ ግን መሞከር ጀመረ። ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ክርኖቹን ከጎድኑ ያጣብቃል፤ ጉልበቱን ላላ አድርጎ ተረከዙን እያስቀደመ ቀስ ብሎ ይራመዳል፤ ትንፋሹን ከማፈን ይልቅ ቀስ እያለ ያወጣል። ቆሞ ሲቀርጽ ጀርባውን ለግድግዳ ወይም ለዛፍ ይሰጣል። የሚደገፈው ሲያጣ ደግሞ ከስልኩ መያዣ ላይ ያሰረውን ሲባጎ ወደ መሬት ለቆ ጫፉን በእግሩ ይረግጥና ስልኩን ወደ ላይ ሳብ ያደርጋል። ሲባጎው ከተወጠረ ስልኩ ዝንፍ አይልም። በሐብሩ ገጠሮች ሰዉ «ባለ ሲባጎው» እያለ ይጠራው ጀመር።

ኤደን የአበባውና የሚስቱ የታደለች አንድ ልጅ ናት። አንደኛ ክፍል በገባች ዓመት፣ አንድ ቀን ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነቃ ዓይኗ ፈጠጠ፣ ሰውነቷ ተገተረ፣ ከዚያም ተንዘፈዘፈች። ታደለች ጮኸች። የታደለች እናት እማማ አለሚቱ ክብሪት ጭረው አሸተቷት። ሲለቃት ልጅቱ ምንም አላስታወሰችም፤ ምላሷን ነክሳው ስለነበር ግን ምግብ መቅመስ አቃታት።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ ጠዋት የሚባል ነገር የሚፈራ ሆነ። ጸበል ወሰዷት። ወልድያ አሳከሟት፤ የተሰጣት መድኃኒት ጥቂት ጊዜ ያሻላት መስሎ ተመልሶ ባሰባት። ትምህርት ቤት ቀረች። የቆጠረችውን ፊደል አንድ በአንድ መዘንጋት ስትጀምር ታደለች ከልጅቱ ተደብቃ ጓዳ ውስጥ ታለቅስ ነበር።

በመጨረሻ ደሴ አንዲት የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ደረሱ። ዶክተሯ በትዕግሥት ሰምታቸው «ሲጀምራት ቀድሞ የሚንቀሳቀሰው የትኛው ጎኗ ነው? ዓይኗስ ወዴት ይዞራል?» ብላ ጠየቀች።

«ወደ ቀኝ» አለች ታደለች።

«ወደ ግራ» አለ አበባው፣ በዚያው ቅጽበት።

ዶክተሯ አልተቆጣችም። «በዚያ ሰዓት ማን ልብ ብሎ ያያል? በስልክ ቅረጹልኝ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ። በጎኗ አስተኟት። ክብሪት አታሽትቷት፣ አፏ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ አጥብቃችሁ አትያዟት። ከያዛችኋት የሷን እንቅስቃሴ ከናንተ መለየት አልችልም። አምስት ደቂቃ ካለፈባት ግን ቪዲዮውን ተዉትና ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ።»

«መቅረጹ እንኳ ሥራዬ ነው» አለ አበባው። በመኪና ሲመለሱም ልቡ ቀለል ብሎት ነበር።

የመጀመሪያው ቪዲዮ ላይ የታየው ጣሪያው፣ ብርድ ልብሱና የታደለች ክንድ ነው። በቴሌግራም ላከው። ዶክተሯ «ይቅርታ፣ ምንም አይታይም፤ እንደገና ይሞክሩ» ብላ መለሰች። በሌላ ቀን ሲባጎውን ረገጠ፤ የረገጠበት እግር ራሱ ተንቀጠቀጠ። ስልኩን መስኮት ላይ አስደግፎ ቢተወው ልጅቱ ወደ ግድግዳው ዞራ ሳለች ጀመራትና የተቀረጸው ጀርባዋ ብቻ ሆነ። ፊቷን ተከትሎ የሚሄድ ሰው የግድ አስፈለገ። አንድ ጠዋት ደግሞ ገና ጣቷ ሲነቃነቅ ስልኩን ወርውሮ አቀፋት።

በዚህ መሃል ሕመሙ ይበረታባት ጀመር። ደጃፍ ላይ ወድቃ የፊት ጥርሷ ተሰበረ።

በዚያው ሰሞን ሐራ ላይ አንድ ሠርግ ሊቀርጽ ሄደ። የሙሽራዋ አባት ልጃቸውን ስመው ሲሸኙ እንባቸው በጺማቸው ላይ ሲወርድ፣ አበባው ቀርቦ ቀረጻቸው። ምስሉ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ያህል የረጋ ነበር። እጁን አየው። የሌላ ሰው ልጅ ሲቀርጽ የማይንቀጠቀጥ እጅ ለገዛ ልጁ ሲሆን ከዳው። ከዳሱ ጀርባ ሄዶ አለቀሰና ዓይኑን ጠርጎ ተመለሰ።

በማግስቱ ከአልጋዋ ትይዩ መሬት ላይ ተቀመጠ። ጀርባውን ከግድግዳው አጣበቀ፣ ጉልበቶቹን አጥፎ የማሽላ ጆንያ ከሥራቸው ሸጎጠ፣ ክርኖቹን ጉልበቶቹ ላይ አሳረፈ። መስኮቱን ከፍቶ ብርሃን አስገባ።

«ታደሉ፣ ከጀመራት በጎኗ አስተኚያትና እጅሽን ሰብስቢ።»

«አንተስ ትችላለህ?»

«እንጃ።»

ኤደን ዓይኗን ገለጠች። እናቷን አይታ ፈገግ ልትል ስትል ፈገግታው በአንድ በኩል ብቻ ተሳበ። አበባው ትንፋሹን ቀስ ብሎ አወጣ። «ዓይኗ ወደ ግራ እየሄደ ነው» አለ፣ ለዶክተሯ እንዲሰማ። «የግራ አውራ ጣቷ። አሁን ክንዷ። አሁን ሁለመናዋ።»

ታደለች በሹክሹክታ «ተወው፣ በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ ተውና ና ያዛት» አለችው። እሱ ከስልኩ ላይ ዓይኑን አላነሳም። ልጅቱ አረፋ ደፈቀች፤ ስልኩ ዝም ብሎ አየ። እስኪለቃት፣ እስክታንኮራፋ ድረስ አላቋረጠም።

ሲያበቃ ስልኩን መሬት ላይ አኖረው። ያን ጊዜ ቪዲዮውን ለመላክ የሚነካውን ቦታ ጣቱ ይስተው ጀመር። ስልኩን ተቀብላ የላከችው ታደለች ናት። ልካ ስታበቃ ልጇ ጎን ተኛች።

ዶክተሯ በዚያው ቀን ደወለች። ሕመሙ ከአንድ ወገን እንደሚነሣ ከቪዲዮው በግልጽ አይታለች። ትወስደው የነበረው መድኃኒት ለዚህ ዓይነቱ የሚስማማ አለመሆኑን ነግራቸው ሌላ አዘዘች፤ የጭንቅላት ምርመራም እንደሚያስፈልግ አስረዳቻቸው። አዲሱ መድኃኒት ቀስ በቀስ ሠራ። ሕመሙ አልጠፋም፤ ግን ራቅ ራቅ እያለ ይመጣ ጀመር። ኤደን አንደኛ ክፍልን እንደገና ጀመረች።

በአበባውና በታደለች መካከል ግን አንድ ነገር ተሰነጠቀ። አንድ ቀን ምሳ እየበሉ ድንገት «ልክ ነህ፣ አውቃለሁ» አለችው። «ባትቀርጻት ኖሮ ዛሬ አትማርም ነበር። ግን ያ ድምፅህ ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ። የሌላ ሰው ልጅ ላይ ቆመህ የምታወራ ነበር የምትመስለው።»

«እንደዚያ ካልሆንኩ አልችልም ነበር።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

«ቪዲዮውን ከስልኩ ላጥፋው?»

«ሌላ ሐኪም ከጠየቀንስ? እንደገና ልትቀርጻት ነው?» አለችና ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መልሳ ተነሣች።

አሁንም ሁለቱ ከልጃቸው ቀድመው ይነቃሉ። እሷ በራስጌ፣ እሱ በግርጌ ተቀምጠው፣ ኤደን ዓይኗን እስክትገልጥ ይጠብቃሉ። ብዙውን ጊዜ ልጅቱ ተንጠራርታ «ሻይ የለም?» ትላለች። ታደለች ልታፈላ ትነሣለች። አበባው ጥቂት ይቆያል፣ የልጁን የግራ አውራ ጣት እያየ።