አራት ቁጥር ታንክን ማን ከፈተው?

በወይን ጠጅ መጥመቂያው ውስጥ ሁሉም «እትዬ አፍንጫ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ጠርሙስ አጣቢዎቹ ናቸው። መጀመሪያ ለሽሙጥ ነበር፤ እያደር ግን ማዕረግ ሆነ። ሃያ ስድስት ዓመት በምድር ቤቱ ውስጥ ስትሠራ የትኛው ታንክ እንደታመመ ከደረጃው ላይ ሆና ታውቃለች። ክዳኑ ያልገጠመ፣ ቡሹ የሻገተ፣ ጎማው ያረጀ፣ አንዱም አያመልጣትም። ባሏ እንኳ ከጓደኞቹ ጋር ቆይቶ ሲመጣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ የት እንደነበር ራሱ ይናዘዛል፤ «ዝም ብል አፍንጫሽ ያሳጣኛል» እያለ።

ልጇ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ሃያ ቀን ፈቃድ ወስዳ ሄደች። እስከዚያ ድረስ ከአራት ቀን በላይ ከሥራ ቀርታ አታውቅም። የልጅ ልጇን አቅፋ፣ ጨርቅ አጥባ፣ እንቅልፍ አጥታ፣ ደስ ብሏት ተመለሰች።

ሰኞ ጠዋት ከአውቶቡስ ወርዳ ወደ ግቢው ስትታጠፍ ከአጥሩ ሥር የሚወጣው ቦይ ቀልቶ አየች። ሠራተኞቹ ሥራ ፈትተው በየጥጉ ቆመዋል። ሰላም ስትላቸው ግማሹ አንገቱን ነቀነቀ፣ ግማሹ መሬት መሬት አየ። የምድር ቤቱን ደረጃ ስትወርድ የበረኪና ሽታ ሰነፈጣት፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ወለሉ ታጥቦ ያብለጨልጫል። ስምንት ሺህ ሊትር ቀይ ወይን ይዞ የነበረው አራት ቁጥር ታንክ የታችኛው ቧንቧው እንደተከፈተ ባዶውን ቆሟል።

መጥመቂያውን ከአባቱ የወረሰው ጎልማሳ ባለቤት የፕላስቲክ ቦቲ ተጫምቶ መሃል ላይ ቆሟል። አጠገቡ ሽማግሌው ጠማቂ በነጭ ጋዋናቸው ግድግዳውን ተደግፈዋል። ሥራውን ከሀ እስከ ፐ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል።

እንኳን ደህና መጣሽ የለ፣ ልጅሽ እንዴት ሆነች የለ፤ ባለቤቱ «እትዬ፣ ቁልፍሽ የት ነው?» አላት።

«ቤቴ። ምስማር ላይ ሰቅዬው ነው የሄድኩት። ምን ጉድ ነው?»

«ጉዱማ ይኸውልሽ። ትናንት እሁድ አንድ ሰው ገብቶ ከፍቶታል። በሩ አልተሰበረም፣ ጓጉንቸሩ አልተነካም። ረቡዕ ገዢዎቹ ሊቀምሱ ይመጣሉ፤ ምን ላቀምሳቸው ነው?» ድምፁ ተሰበረ። «ቁልፉ ሦስት ነው። አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ እሳቸው ጋ፣ አንዱ አንቺ ጋ። ቤትሽ ማን ነበረ?»

«ባሌ» አለች። ሁለተኛውን ስም ዋጠችው።

ሁለተኛው ታናሽ ወንድሟ ነው። ከጓሮዋ ክፍል ይኖራል፤ እዚያው መጥመቂያ የፓምፕ መካኒክ ነው፤ «ብሎን» ይሉታል። ከወር በፊት አንድ ፓምፕ ተቃጥሎ ባለቤቱ በሰው ፊት ሲያብጠለጥለው፣ ብሎን እጁን በጨርቅ እየጠረገ «መለዋወጫ ግዛ ስልህ ጆሮ ዳባ ልበስ አልክ፤ አንድ ቀን ይሄ ምድር ቤት ባዶውን ሲቀር ታስታውሰኛለህ» ብሎት ነበር። ያን ቀን ሁሉም ስቆ አልፎታል። ዛሬ የሚስቅ የለም።

ቁልፉን ልታመጣ ወደ ቤቷ ሄደች። ቁልፉ አለ። ግን ከበሩ ኋላ ካለው ምስማር ላይ አይደለም፤ ከመስኮቱ አጠገብ ነው የተሰቀለው። እግሯ ሳያስበው ወደ ጓሮ ወሰዳት። የብሎን ጫማ ታጥቦ ደፉ ላይ ተሰጥቷል። በሕይወቱ ጫማ አጥቦ የማያውቅ ሰው! ልቧ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እሱን ማመን እምቢ አላት።

ወደ ሥራ ስትመለስ ከፓምፕ ክፍሉ በር ላይ አገኘችው።

«እሁድ የት ነበርክ?»

«ውጭ።»

«ውጭ የት?»

«እታለም፣ ምነው? መርማሪ ሆነሽ ተቀጠርሽ እንዴ?» አለና ሳቀ። ሳቁ ግን ዓይኑ ጋ አልደረሰም፤ ወዲያው ፊቱን ወደ ፓምፑ አዞረ።

ከሰዓት በኋላ ከፖሊስ ጣቢያ የተላከው መርማሪ ቢሮ ውስጥ ሰውን አንድ በአንድ ያስጠራ ጀመር። ዘበኛው ብሎንን እሁድ ረፋድ ላይ ከግቢው ጀርባ ሲሄድ እንዳየው ተናገረ። ወሬው ከቢሮው ሳይወጣ ግቢውን ዞረ። ተራዋ ደርሶ ስትገባ መርማሪው ወንበር ስቦ በትህትና አስቀመጣት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደግነቱ ነው የጎዳት።

«ወንድምዎን አውቃለሁ ብለው ይምላሉ?» አላት።

እምላለሁ ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሌላ ነው። ቁልፉ ቦታ መቀየሩን ተናገረች። ጫማውን ተናገረች። «ባዶውን ሲቀር» ብሎ ለባለቤቱ ያለውንም ቃል በቃል ተናገረች። እየተናገረች ራሷን ስትሰማ የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት። ሃያ ስድስት ዓመት የለፋችበት ወይን ነው፤ የፈሰሰባት የገዛ ደሟ ያህል ነበር። ደግሞም፣ ይህን ለራሷም አላመነችም እንጂ፣ ቁልፉ የእሷ ነው፤ እሱ ካልሆነ እሷ ናት።

ብሎንን ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት ወሰዱት። በመስኮቱ ሥር ሲያልፍ ቀና ብሎ አያት። አልተቆጣም። ግራ የገባው ሰው አስተያየት ነበር።

በማግስቱ መጥመቂያው የማይተዋወቁ ሰዎች የተሰበሰቡበት ጣቢያ መሰለ። ምሳ ላይ አብረው ይቀመጡ የነበሩት አጣቢዎች ለሁለት ተከፈሉ። ሾፌሩ ቦርሳውን ሲከፍት ሁሉም ቦርሳው ውስጥ ያያል። እሷ ስትቀርብ ወሬው ይቋረጣል፤ ስትርቅ ይቀጥላል። ወንድሟን አሳልፋ የሰጠች ናት የሚሉ አሉ፤ አብራ አድርጋ አሁን በእሱ አላከከች የሚሉም አሉ። እሷም በተራዋ ዘበኛውን ጠረጠረች፣ ሾፌሩን ጠረጠረች፣ ባለቤቱ ራሱ ለአንድ ነገር ብሎ አድርጎት ይሆን ብላ አሰበች። ሁሉንም አንድ ዙር ከጠረጠረች በኋላ ተመልሳ ብሎን ላይ ታርፋለች። ጠማቂውን ብቻ አልጠረጠረችም። እሳቸው ከሰው ዓይን ርቀው ላቦራቶሪያቸው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ሐዘን ገብቷቸዋል ተባለ። ሻይ ወሰደችላቸው። «ተይው ልጄ፣ ልቤ አልሰከነልኝም» አሏት፤ ቀና ብለውም አላዩዋትም።

ማክሰኞ ወደ ማታ ባሏ እራት ላይ ማንኪያውን አስቀምጦ «ቁልፍ ቁልፍ ስትይ የሰነበትሽው ያን ከመስኮቱ ጋ ያለውን ነው?» አላት።

«አዎ።»

«እኔ ነኝ እኮ ያዛወርኩት። መስተዋቱን ከበሩ ኋላ ስሰቅል ምስማሩን ፈለግኩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«መች ጠየቅሽኝ? ቀጥታ ለመርማሪው ነው የነገርሽው።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

ረቡዕ ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ገባች። ገዢዎቹ አትምጡ ተብለዋል። በረኪናው አሁንም ከወለሉ አልለቀቀም፤ ያን ስታሸት አንድ ነገር ቆረቆራት። በረኪና ምድር ቤት አይገባም። ሽታው እንጨቱ ውስጥ፣ ቡሹ ውስጥ ገብቶ ወይኑን ያበላሻል፤ በባልዲ ይዞ ደረጃው ላይ የተገኘ ሠራተኛ ሲባረር አይታለች። የወይን ነገር የማያውቀው ባለቤት አዝዞት ይሆናል ብላ ነበር የተወችው። አሁን ግን የአጣቢዎቹን አለቃ ጠብቃ ጠየቀቻት።

«ማን ነው በረኪና ያስደፋው?»

«ጠማቂው ናቸዋ። ሰኞ ገና ሳይነጋጋ መጥተው፣ ሰው እንዳያዳልጠው ቶሎ እጠቡ፣ ብዙ ድፉበት አሉን። እኛማ ገርሞን ነበር።»

እትዬ አፍንጫ ወደ ናሙናው ቁም ሳጥን ሄደች። በየሳምንቱ አርብ ከእያንዳንዱ ታንክ አንድ ትንሽ ጠርሙስ ተቀድቶ፣ ቀን ተጽፎበት ይቀመጣል። የአንድ፣ የሁለት፣ የሦስት፣ የአምስት ቁጥር ጠርሙሶች በመደዳ አሉ። የአራት ቁጥር የሦስት ሳምንት ጠርሙሶች የሉም። ታንክ ለማፍሰስ የገባ ጠላት የድሮ ናሙና ምን ያደርግለታል?

ከዚያ ተንበርክካ የአራት ቁጥርን ቧንቧ መታጠፊያ በመፍቻ ፈታች። ክርኑ ላይ ሁልጊዜ ጥቂት እንደሚቀር ታውቃለች። ግማሽ ብርጭቆ የማይሞላ ወይን ወጣ። ወደ ደረጃው፣ ንጹሕ አየር ወዳለበት፣ ይዛው ወጥታ አሸተተችው።

አቸቶ ነበር። በሦስት ቀን እንዲህ የሚሆን አቸቶ አይደለም፤ ሳምንታት የቆየ፣ የበሰለ አቸቶ። ያ ወይን የፈሰሰው ከሞተ በኋላ ነው።

ብርጭቆዋን ይዛ ላቦራቶሪው ገባች። ሽማግሌው መነጽራቸውን እየጠረጉ ነበር።

«ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ። ከሁለት ቁጥር የቀዳሁት ነው።» በሕይወቷ ዋሽታቸው አታውቅም።

ብርጭቆዋን ተቀበሉ። እንደ ልማዳቸው አዞሯት፣ ወደ መስኮቱ አስጠግተው ቀለሟን አዩ፣ አፍንጫቸውን አስገብተው ረጅም ትንፋሽ ሳቡ። ከዚያ እሷን፣ ፊቷን አዩ። እትዬ አፍንጫ ፊቷን እንደ ድንጋይ አድርጋ ያዘች፤ ከዚያም በግድ ፈገግ አለች።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ትንሽ ቢቆይ ይለሰልሳል እንጂ ጥሩ ነው።»

ቆማ ነበር፤ ተቀመጠች። እንባዋ መጣ። ሽማግሌው እንባዋን ሲያዩ ብርጭቆዋን ቀስ ብለው አስቀመጡ። የምን ብርጭቆ እንደሆነ ገባቸው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለቻቸው።

«ከዚያ ከበሽታዬ። ሁለት ዓመት ሞላው።» እጃቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ። «ሽንኩርት ይሁን ጽጌረዳ ለእኔ አንድ ነው። ምላሴም አብሮ ሄደ። ፊትሽን እያየሁ ነበር የምሠራው፣ ልጄ። ቅንድብሽ ሲሰበሰብ እጥላለሁ፤ ስታዝናኚው አሳልፋለሁ። ከዚያ ሃያ ቀን ሄድሽ።»

የቀረውን ሳትጠይቃቸው ተናገሩ። የአራት ቁጥር ክዳን አየር ያስገባ ነበር፤ እሳቸው በየአርቡ ይቀዱታል፣ ያሸቱታል፣ ምንም የለም። ቅዳሜ ዕለት ለገዢዎቹ ተብሎ ውጭ የተላከው ናሙና ውጤት እሳቸው እጅ ገባ። አቸቶ፣ አይሸጥም ይላል ወረቀቱ። ለዚያ ልጅ፣ አባቱ «አደራ» ብሎ ላስረከባቸው ልጅ፣ ስምንት ሺህ ሊትር በአፍንጫዬ ሥር ተበላሸ ማለት አቃታቸው። እሁድ ዘበኛው ምሳ ሊበላ ሲወጣ፣ ሰው በሌለበት ገብተው ቧንቧውን ከፈቱ፤ ናሙናዎቹን ወሰዱ፤ የአቸቶው ሽታ እንዳያጋልጣቸውም ሰኞ በረኪና አስደፉ።

«ወንድሜስ?»

«ማንንም አላሰብኩም። የማይታወቅ ሰው ነው ተብሎ ይቀራል ብዬ ነው።»

«አልቀረም! ታሰረ! ሻይ ሳመጣልዎ እንኳ ዝም አሉኝ፤ ወንድሜን በገዛ አፌ ስከስ እያዩ ዝም አሉ!»

«ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ እያልኩ…»

ጋዋናቸውን አወለቁ፤ አጥፈው ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። ወደ ባለቤቱ ቢሮ የሚወስደውን ደረጃ ሲወጡ መሃል ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው ቆሙ። ክንዳቸውን ልትይዝ እጇን ዘረጋች፣ መለሰችው፣ ከዚያ ያዘቻቸው። ቢሮው ውስጥ ቆመው ተናገሩ። ባለቤቱ «ወረቀቱስ?» ብቻ አለ። ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩለት። ክስ አልመሠረተባቸውም። ደኅና ይሁኑም አላላቸውም።

ብሎን ሐሙስ ረፋድ ተፈታ። እትዬ አፍንጫ ጣቢያው በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። ጢሙ አድጎ፣ ሸሚዙ ተጨማዶ ወጣ። ሊያልፋት ነበር፤ ከዚያ ቆመ።

«መኪና መንዳት እየተማርኩ ነበር» አላት። «ከመጥመቂያው ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ። ጭቃ ነው፤ ጫማዬን ለዚያ ነው ያጠብኩት። ሁለት ጊዜ ፈተና ወድቄያለሁ። በአርባ ሁለት ዓመቴ! ሰው እንዳይስቅብኝ ብዬ ነው የደበቅኩት።»

«ጠይቄህ ነበር እኮ…»

«መርማሪ ሆነሽ ነው የጠየቅሽኝ። እህቴ ብትጠይቀኝ እነግራት ነበር።»

በዚያው ሳምንት ከጓሮዋ ክፍል ለቆ ወጣ። ባለቤቱ ይቅርታ ጠይቆት ወደ ፓምፖቹ ተመለሰ፤ መለዋወጫውም ተገዛለት። እሷን ደግሞ ጠማቂ አደረጋት። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ሲላት ፊቱን ልብ ብላ ታያለች፤ ከልቡ ይሁን ለይምሰል መለየት አቅቷታል። የመጀመሪያ ትእዛዟ አንድ ታንክ በሁለት ሰው ካልተሸተተ እንዳያልፍ ነው። «የእኔም አፍንጫ ቢሆን አትመኑት» አለቻቸው። ሳቁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

ከወንድሟ ጋር የሚያወሩት የሥራ ብቻ ሆነ። ፓምፑ ደህና ነው? ደህና ነው። ቱቦው ተቀየረ? ተቀየረ። በአምስተኛው ወር አንድ ቅዳሜ ጓሮው የረሳውን የመፍቻ ሣጥን ፈልጎ መጣ። ሣጥኑን ወዲያው አገኘው፤ ግን አልሄደም። ዝገት የያዛቸውን መፍቻዎች አንድ በአንድ እያወጣ በዘይት ይጠርግ ጀመር። ምሳ ሲደርስ ባሏ ሦስተኛ ወንበር አመጣ። ብሎን እጁን ታጥቦ ገባ፣ ተቀመጠ፣ በላ። ስለ ልጅ ልጇ ጠየቃት፤ ጥርስ አብቅላ እንደሆነ። ሁለት ማብቀሏን ነገረችው።