አዞ የሚከተለው ሰው

ብኸይታ ከመረቡ የሚወጣውን የመጀመሪያ ዓሣ አይወስድም ነበር። በመቅዘፊያው እጀታ የጀልባዋን ጎን ኳ ኳ ያደርግና ዓሣውን ወደ ውሃው ይወረውረዋል። ለአዞ ነው። አባቱም አባይ ገና ወንዝ ሳለ ከዳር ቆሞ ድንጋይ በድንጋይ እያንኳኳ እንዲሁ ያደርግ ነበር። «ድርሻውን ከበላ የኛን አይነካም» ይል ነበር አባትየው። ያኔ በየጥልቁ አንድ ትልቅ አዞ ነበር፤ አዞውም ሰውም ቦታውን ያውቃል። ልማዱ ሠርቷል፤ አልዋሽም።

ኋላ ግድቡ ውሃ ያዘ። የብኸይታ የማሽላ እርሻና የአባቱ መቃብር ከሐይቅ በታች ገባ። «በሉ እንግዲህ አጥምዱ» ተባለ። ከጎረቤቶቹ ጋር በማህበር አደራጁት፤ ለሁሉም አንዲት ጀልባና መረብ ሰጧቸው። አዞ መረብ ውስጥ የተያዘ ቆሮሶ ሲያይ ምን እንደሚያደርግ ግን የነገራቸው የለም። ምን ያደርጋል? ዓሣውን ከነመረቡ ይገምጠዋላ!

ብኸይታም ማንኳኳቱን አልተወም። ሐይቅ ግን እንደ ወንዝ አይደለም፤ አንዱን ጠርተህ አንዱ ብቻ አይመጣም። ያካባቢው አዞ ሁሉ ድምፁን ለመደ። ብዙም ሳይቆይ ጀልባዋ በሄደችበት ሁሉ የአዞ አፍንጫ እንደ ጉቶ ተንሳፍፎ ይከተላት ጀመር።

የማህበሩ ሊቀመንበር የሻው በደርግ ጊዜ ከወሎ የመጣ የሰፋሪ ልጅ ነው፤ ምላሱ ስለት አለው።

«ጋሼ ብኸይታ፣ አንተ እኮ ዓሣ አታጠምድም። አዞ ነው የምታረባው።»

«አዞ ይርበዋል» አለ ብኸይታ፣ አማርኛውን እየፈለገ። «ካልበላ ይናደዳል።»

«በልቶስ መች ተወን!»

ዓሣ ገዝታ ማንኩሽ ከተማ የምትቸረችረው የወርቅውሃ በሳቅ ፈነዳች። «ልጆችህ ምሳ እየጠበቁ ነው ብኸይታ፤ አታስርባቸው እንጂ!»

«አዞ አትግደሉ» የሚል ሰውም አንድ ቀን በመኪና መጥቶ ነበር። ሰበሰበ፣ አስተማረ፣ የተጠበሰ ዓሣ በላ። የተቀደደውን መረብ ማን ይተካል ሲሉት «ለሚመለከተው አካል አቀርባለሁ» አለ። ለሚመለከተው! እኔ በዕድሜዬ የሚመለከተው የሚባል ሰው ዓይኑን አይቼ አላውቅም። እናንተ አይታችሁ እንደሆነ አሳዩኝ።

መረቡ ተጠግኖ ተጠግኖ ቋጠሮ ብቻ ሲሆን የሻው ለሰሊጥ ተባይ የሚረጭ መድኃኒት ይዞ መጣ። ዓሣ ሆድ ውስጥ ሊከቱት ነው። አዞዎቹ ደግሞ በሌላ ሰው ማንኳኳት አይመጡም፤ የሻው ሞክሮ አፍሯል።

«አንተ ወርውር» አለው።

«አዞ አምኖ ይመጣል። እኔ እንዴት እመርዛለሁ?»

«እንግዲያ ከጀልባው ውረድ፣ ጋሼ። እኛም ልጆች አሉን።»

ከጀልባው ወርዶ የት ይሂድ? እርሻው ውሃ ነው። የጀልባ ድርሻው ብቻ ቀርቶለታል፤ እሱን ካጣ ቤቱ ጦሙን ያድራል። የሻውን ክፉ ነው ብዬ አልገላገልም፤ የሱም ልጆች ራት ይበላሉ። እኔን የሚያንገበግበኝ ሁለት ድሃ በአንዲት ጀልባ አስገብቶ ከአዞ ጋር ተከፋፈሉ ያለው ነው።

ብኸይታ አንኳኳ። መጡ። ወረወረ። ትልቁ በጣም ቀርቦ ነበር፤ ከእጁ ሊቀበለው ምንም አልቀረው።

በማግስቱ አዞዎቹ ሆዳቸውን ሰቅለው ተንሳፈፉ። ከዳር ዳር አምባዛውና ቆሮሶው አብሮ ተንሳፈፈ። የወርቅውሃ ቅርጫቷን ባዶውን ተሸክማ ተመለሰች። «ሰው ልፍጅበት?» አለች፤ ያን ቀን አልሳቀችም። ማንኩሽ ገበያም ወሬው ቀድሟት ደርሶ ነበር፤ የነሱን ዓሣ የሚነካ ጠፋ።

ገበያው ቀስ በቀስ ረሳ። አዞው ግን አላለቀም። ከሐይቁ ሆድ ሌሎች መጡና የሞቱትን ቦታ ያዙ። እነዚህ ቢንኳኳላቸው አይመጡ፣ ቢጮኹባቸው አይሸሹ። መረቡን እንደ ድሮው ይገምጡታል።

ባለፈው ሰሞን መረቡ ውሃ በዋጠው ዛፍ ቅርንጫፍ ተያዘ። ቢጎትቱት ሊቀደድ ሆነ። እንዲህ ሲሆን ጠልቆ የሚፈታው ብኸይታ ነበር።

«ጋሼ፣ ግባና ፍታው እንጂ» አለ የሻው።

ብኸይታ ውሃውን አየ። «እነዚህን አላውቃቸውም።»

«አዞ አዞ ነው፤ ምን ትውውቅ ያስፈልገዋል?»

«እንግዲያስ አንተ ግባ።»

የሻው ሸሚዙን እስከ ግማሽ ፈታ፤ መልሶ ቆለፈው። ማንም አልገባም። ደግመው ሲጎትቱት ጀልባዋ መዘንበል ስትጀምር የሻው ቢላ አውጥቶ የመረቡን ገመድ ቆረጠ።

ሌላ መረብ የላቸውም። ያኛው እዚያው ዛፉ ላይ ነው፤ ዛሬም ዓሣ ይይዛል አሉ።