የእህቴ ፊትና የቀትር ፀሐይ

የታናሽ እህቴ ፊት ነጠብጣብ ያወጣ ጊዜ ዘመድ ሁሉ ያለ ሐኪም ምክንያቱን አወቀው። «ክሬም ነው» አሉ። አክስታችን ሰርግ ቤት ውስጥ፣ ሰው እየሰማ፣ «ቀይ እሆናለሁ ብለሽ ራስሽን አቃጠልሽ አይደል?» አለቻት። እህቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እኔ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ያቺ ልጅ ከቫዝሊን በቀር ፊቷን የሚነካ ነገር ገዝታ አታውቅም። ከቴፒ ወጣ ብሎ ባለ የቡና ማጠቢያ ነበር የምትሠራው፤ ታጥቦ የተሰጣውን ቡና የሽቦ ማድረቂያ አልጋ ላይ እያገላበጠች፣ ብልሹውን እየለቀመች፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ትቆማለች።

ቆይቶ ከንፈሯ ላይ አልድን ያለ ቁስል ወጣ። ለሕክምና በሄደች ቁጥር የጭርት ቅባት ይሰጧታል፤ ቀረብ ብሎ ያየላት የለም። መድማት ሲጀምር ይዣት አማን ሆስፒታል ሄድኩ፤ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጻፉልን። ናሙናው ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ ቆርጠው አወጡላት።

እኔ ሚዛን ከተማ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። አዲስ አበባ ያከመቻት ዶክተር ይህን ስታውቅ ነገሩን አብራራችልን።

«ፀሐይ የሁላችንንም ቆዳ ትጎዳለች» አለች። «ጨረሯ ዲኤንኤ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ፊደላትን ያጣብቃቸዋል። ሴሉ ሊከፈል ሲል ዲኤንኤውን ይገለብጣል፤ ገልባጩ ኢንዛይም የተጣበቁት ፊደላት ዘንድ ሲደርስ ማንበብ አቅቶት ይቆማል። ያኔ ሌላ ኢንዛይም ይገባና ያቺን ቦታ ብቻ በትክክል ገልብጦ ያሻግረዋል። ከዚያ ዋናው ይቀጥላል። የእህትሽን ምልክቶች ሳይ ይህ አሻጋሪ የሚሠራላት አይመስለኝም። ሌሎች ኢንዛይሞች በእሱ ቦታ ይገባሉ፤ ግን ፊደል ያሳስታሉ። ስሕተቱ ሲጠራቀም ካንሰር ያመጣል።»

እህቴ በፋሻ በተሸፈነ ከንፈሯ፣ «እኔ ነኝ ያመጣሁት?» አለች።

«ከእናትም ከአባትም የሚወረስ ነው። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ከፀሐይ ግን ራቂ።»

እንደተመለስን የቡና ማጠቢያው ሥራ አስኪያጅ ዘንድ ይዣት ሄድኩ። ቀትር ነበር። ሴቶቹ አልጋዎቹን ጥቁር መረብ እያለበሱ ነው፤ የቀትር ፀሐይ ቡናውን ትሰነጥቀዋለችና። የሐኪሟን ወረቀት ሰጥቼው፣ መጋዘን ውስጥ ካሉት ለቃሚዎች ጋር እንዲያሠራት ለመንኩት።

ወረቀቱን አንብቦ ሳይጨርስ፣ «ቲቸር፣ ፀሐይ የምትወጣው ለሁሉም ነው» አለኝ። «ለእሷ ብቻ ጥላ ልሥራ?»

እስከዚያ ድረስ «እርስዎ» እያልኩ ነበር የማናግረው። «ለቡናው ሠርተህለት የለም እንዴ?» አልኩት።

«ቡናውማ ገበያ አለው።»

እህቴ ለሥራ የለበሰችውን ሽርጥ ፈታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ክንዴን ያዘች። «ተዪው፤ ነይ እንሂድ» አለችኝ። በር ላይ ስንደርስ ከሴቶቹ አንዷ ሮጣ መጥታ ሰፊ የሰሌን ባርኔጣዋን እህቴ ራስ ላይ ደፋችላት። ሥራ አስኪያጁ «በገዛ ፈቃዷ ለቀቀች» ብሎ እንዳወራ በኋላ ሰማሁ።

አሁን እኔ ጋ ናት። ሚዛን ውስጥ አንድ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ለቀማ ሰጥቷታል። ማልዳ ትገባለች፣ ሲመሽ ትወጣለች፤ ረጅም እጅጌ ትለብሳለች። ዝናብ በማይጠፋበት አገር ዣንጥላ ለማንም ብርቅ አይደለም፤ እሷ በጠራ ቀን ስትዘረጋው ግን «እመቤቲቱ መጣች!» እያሉ ይስቁባታል። እሷ መንገዷን ትቀጥላለች። እኔ አብሬያት ካለሁ ቆሜ እመልስላቸዋለሁ።

በቅርቡ አፍንጫዋ አጠገብ ሌላ እብጠት ወጣ። ቶሎ ስለደረስን በቀላሉ ተነሣላት። «ተመስገን ነው» ትላለች። እኔም ተመስገን እላለሁ፤ ንዴቴ ግን አልበረደልኝም።